ዝናብ ሲይዝ ብስክሌቱን ይዞ የት መሄድ ይሻላል?

ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቧል። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በመስኮት ሰማዩን ታያላችሁ፣ ትንሽ ሲያባራ ጫማችሁን ታነሳላችሁ፣ ካፊያው እንደገና ሲጀምር መልሳችሁ ታስቀምጡታላችሁ። የተራራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ ይሄን ስሜት ያውቀዋል።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ "በቃ፣ መሬቱ እስኪደርቅ አልወጣም" ብሎ ይቀመጣል። ወይ ደግሞ የመጣው ይምጣ ብሎ በደረቅ ጊዜ የሚወደውን መንገድ ይዞ ይወጣል፣ ማጥ ውስጥ ይገባል፣ ጎማው በጭቃ ተይዞ አልዞር ይለዋል፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ ይመለሳል፣ መንገዱንም አበላሽቶት ይመጣል። ሁለቱም ያሳዝናሉ፤ ምክንያቱም በዝናብ ጊዜ በደንብ የሚነዱ መንገዶች አሉ። እንዲያውም ከደረቁ ጊዜ ይልቅ እርጥብ ሲሆኑ የሚያምሩ አሉ። ሥራው እነሱን ለይቶ ማወቅ ነው።

እኔ "ዘንቧል ወይ?" ብዬ መጠየቅ ካቆምኩ ቆየሁ። የምጠይቀው "የዘነበው ውሃ የት ገባ?" ብዬ ነው። አንድ ዓይነት ዝናብ በሁለት አጠገብ ለአጠገብ ባሉ ተራሮች ላይ ይወርድና አንዱ ከሰዓት በኋላ ይነዳል፣ ሌላው ሳምንቱን ሙሉ አይነካም። ውሃው ወደ ታች ሰርጓል? በጎን ፈስሶ ሄዷል? ወይስ እዚያው ተኝቷል? መልሱ አፈሩ ላይ፣ የመሬቱ ቅርፅ ላይና ከላይ ያለው ዛፍ ላይ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ግን ቅድሚያ መንገዱ

ለስላሳ እርጥብ አፈር ላይ ጎማ ሲያልፍ ይሰምጣል፤ ቀጭን ቦይ ትቶ ይሄዳል። ፀሐይ ስትወጣ ያቺ ቦይ እንደዚያው ሆና ትደነድናለች። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ዳገቱ ሥር መውረዱን ይተውና በቦይዋ ውስጥ እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ሲወርድ አፈሩን ይዞ ነው፤ ቦይዋም እየጠለቀች ትሄዳለች። ቀጥሎ የሚመጣው ነጂ ቦይዋን ሸሽቶ በዳር ያልፋል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የእሱን ጭቃ ሸሽቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ ያልፋል። በአንድ የዝናብ ወቅት ውስጥ ለአንድ ጎማ የተሠራ መንገድ መኪና የሚያሳልፍ ጭቃ ይሆናል።

ይሄን የምለው አይቼው ነው። ከጓደኞቼ ጋር የምንወደው አንድ ቁልቁለት ነበር፤ ጫካ ውስጥ እየተጥመለመለ የሚወርድ። አንድ እርጥብ ቅዳሜ ሰባት ሆነን ወረድንበት። በማግስቱ አይተነው ዝም አልን። ለማስተካከል አካፋና ዶማ ይዘን ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብን፤ አንዳንዱ ቦታ ግን አፈሩ ጨርሶ ስለተጠረገ ዛሬም የዛፍ ሥርና ድንጋይ ብቻ ነው። መንገድ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰዓት ነድተን የምናጠፋውን እነሱ በወር አይመልሱትም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላቸው ነገሮች በሙሉ ሁለት ዓላማ አላቸው፤ እናንተ እንድትደሰቱ፣ መንገዱም እንዲተርፍ።

አፈሩን በእጃችሁ እዩት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይሄ ነው።

የአሸዋ ቅንጣት ከ0.05 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በቅንጣቶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ ውሃው ሰርጎ ወደ ታች ይሄዳል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በዓይን አይታይም። ቅርፁም እንደ ስስ ገበታ ስለሆነ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተነባብረው ውሃውን በመካከላቸው ይዘው ይቀራሉ። አሸዋማ መሬት ዶፍ ወርዶበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊነዳ ይችላል። ድብልቁ አፈር እንደ አየሩ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ሸክላማው፣ በተለይ ጥቁር መረሬ ከሆነ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ብዙ ቀን ይቆያል። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በእርጥቡ ጊዜ ጎማ ላይ ተጣብቆ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ ጎማውንና የብስክሌቱን አካል አንድ ላይ ያስራቸዋል። እዚያ መሬት ላይ በዝናብ ጊዜ ምንም ዓይነት ብልሃት የለም። አትሂዱ።

አፈሩን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ አንሱ፣ ደረቅ ከሆነ ከውሃ መያዣችሁ ጠብ አድርጉበት፣ ከዚያ እሹት። እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከተበተነ አሸዋ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። ክብ ሆኖ ቆሞ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ድብልቅ ነው። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ ማውጣት ከቻላችሁ ሸክላ አለበት። ጥብጣቡ ሳይበጠስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ሸክላው ትንሽ ነው፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን የሸክላ ሠሪ ጭቃ ነው የያዛችሁት። ይሄን የአፈር ባለሙያዎችም ሜዳ ላይ ይጠቀሙበታል።

የእኔ ምክር ይሄን ፍተሻ ዝናብ እስኪመጣ ሳትጠብቁ በደረቁ ወቅት እንድትሠሩት ነው። በደረቅ ጊዜ የምታዩት ነገር የእርጥቡን ጊዜ ይነግራችኋል። መሬቱ በደረቁ ጊዜ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው፣ በዝናብ ጊዜ ጎማ የሚይዝ ማጥ ይሆናል። እንደ ዱቄት የላመ አቧራ የሚያስነሳ ቦታ ሲርስ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። በደረቁ ጊዜ ጎማ እየዋጠ የሚያስመርራችሁ አሸዋ ደግሞ ዝናብ ሲያገኝ ጥብቅ ብሎ ይጠብቃችኋል። በደረቅ የጠላኋቸውን ሁለት አሸዋማ መንገዶች ዛሬ የምጓጓላቸው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው።

ከአፈር በተጨማሪ ድንጋይ አለ። ጭንጫ መሬት፣ ጠጠር የበዛበት ተረተር፣ አለት ላይ የሚሄድ መንገድ ለዝናብ ጊዜ ወርቅ ነው፤ ጎማ የሚሰምጥበት ነገር የለማ! ግን ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ሸካራው ግራናይት እርጥብ ሆኖም ጎማ ይይዛል። የኖራ ድንጋይ ግን ብዙ እግርና ጎማ ሲያልፍበት እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ሲርስ እንደ መስታወት ነው። ጥላ ውስጥ ያለና አረንጓዴ ነገር የለበሰ ድንጋይ ከየትኛውም ዓይነት ቢሆን አትመኑት።

የድንጋይ ነገር ሲነሳ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ያለው ሞአብ ጥሩ ምሳሌ ነው። በተራራ ብስክሌት ዓለም ስሙ የታወቀ ቦታ ነው። እዚያ ያለው ሰፊ የአሸዋ ድንጋይ "የሚያዳልጥ አለት" የሚል ስም አለው፤ ስሙ የወጣው የፈረስ ብረት ጫማ ስለሚያንሸራትት ነው ይባላል። ላስቲክ ጎማ ግን ጥርሱን ነክሶ ይወጣዋል። በዚያው አካባቢ ደግሞ ሸክላ የበዛባቸው ሜዳዎች አሉ፤ ዝናብ ሲነካቸው ብስክሌትም መኪናም አያሳልፉም። አንድ አካባቢ፣ አንድ ዝናብ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። ስለዚህ ማንም ሰው "ያ አካባቢ በዝናብ አይሆንም" ወይም "ይሆናል" ቢላችሁ "የትኛው መንገድ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ውሃ የማይተኛበት ቅርፅ

ጥሩ አፈር ያለው መንገድ እንኳ ውሃው መውጫ ካጣ ማጥ ይሆናል። ስለዚህ ቅርፁን ተመልከቱ።

በጣም መጥፎው ሜዳው ነው። ሰው ሜዳ ቀላል ይመስለዋል፤ ውሃው ግን የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው ይተኛል። ከሸለቆ ግርጌ፣ ከወንዝ ዳር፣ ከረግረግ አጠገብ ያሉ መንገዶችን በዝናብ ጊዜ እርሷቸው። ሁለተኛው መጥፎ ደግሞ ከተራራ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው ነው። ያ መንገድ ራሱ ፈፋ ነው፤ ውሃው እናንተ በምትሄዱበት አቅጣጫ ይወርዳል።

የምንፈልገው በተዳፋቱ ጎን አግድም የሚሄደውን ነው። ከላይ የመጣው ውሃ ከመንገዱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል፣ ሳይቆይ። በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢምባ፣ ለመንገድ ሠሪዎች ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የግማሽ ሕግ የሚባለው ነው። የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ተራራው 40 በመቶ ተዳፋት ቢኖረው፣ መንገዱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃው በጎን መውጣቱን ትቶ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። በአማካይ ደግሞ የመንገዱ ቁልቁለት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በ100 ሜትር 10 ሜትር መውረድ ማለት ነው። የመንገዱ ወለል ወደ ገደሉ በኩል 5 በመቶ ያህል ዘንበል ቢልም ውሃ አይዝም።

ይሄን ሁሉ መለኪያ ይዛችሁ ዙሩ እያልኩ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ በዓይናችሁ ፈልጉ። በደንብ የተሠራ መንገድ ቁልቁለት ላይ እንኳ ትንሽ ወረድ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ እንደገና ወረድ እያለ ይሄዳል። ስትነዱት እንደ ማዕበል ያደርጋችኋል፤ ደስ ይላል። ዋናው ሥራው ግን ውሃ ማስወጣት ነው፤ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ውሃው ሁሉ ወደ ጎን ይወጣል። እንደዚህ ያለ መንገድ ካገኛችሁ ለዝናብ ጊዜ ስሙን መዝግቡት።

ቤት ተቀምጣችሁም ብዙ ማወቅ ትችላላችሁ። የከፍታ መስመር ያለው ካርታ ክፈቱ። የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ከተሰመሩ ቦታው ገደላማ ነው፤ ከተራራቁ ሜዳ ነው። መንገዱ መስመሮቹን በቀጥታ እየቆረጠ ከሄደ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው፤ ተዉት። ከመስመሮቹ ጎን ለጎን ሄዶ ቀስ እያለ አንድ በአንድ ከተሻገራቸው የምንፈልገው እሱ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ደግሞ አንዳንድ መንገዶች ወለላቸው ጠጠር ነው፣ አፈር ነው፣ ድንጋይ ነው የሚል መረጃ ተጽፎባቸዋል፤ ሁሉም ላይ ባይኖርም ማየቱ አይጎዳም። የሳተላይት ፎቶም ይረዳል። ክረምት ከበጋ እርጥብ የሆኑ ቦታዎች ዙሪያቸው ደርቆ እነሱ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። የአፈርና የሥነ ምድር ካርታ ለአካባቢያችሁ ካለ ከብስክሌት ካርታው ጋር አስተያዩት፤ አንድ ምሽት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለዓመታት ነው።

እየዘነበ እና ከዘነበ በኋላ አንድ አይደለም

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይሄ ነው። ዝናቡ እየወረደ የምትነዱበትና ካባራ በኋላ የምትነዱበት ቦታ መለያየት አለበት።

እየዘነበ ከሆነ ጫካ ይሻላል። ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ጫካ ከዝናቡ ጥቂት የማይባለውን ከላይ ይይዘዋል፤ ካፊያ ከሆነ መሬት ላይ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የወደቁት ቅጠሎቹም እንደ ምንጣፍ ሆነው አፈሩን ከጎማ ይጋርዱታል። ካባራ በኋላ ግን ያው ጫካ ጠላት ይሆናል። ዛፎቹ የያዙትን ውሃ ለሰዓታት ያንጠባጥባሉ፣ ፀሐይ አይገባም፣ ነፋስ አያገኝም። በዚያን ጊዜ ገላጣውን ተረተር፣ ነፋስ የሚመታውን ሸንተረር ፈልጉ። እዚያ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል።

ፀሐይ የምታርፍበት ጎንም አለ። ከምድር ወገብ ሰሜን ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ወደ ደቡብ ያየ ተራራ ቀድሞ ይደርቃል፤ በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ደግሞ ወደ ሰሜን ያየው። ወደ ምድር ወገብ ስትጠጉ ይሄ ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል፤ ያኔ ነፋሱና የዛፉ ጥላ ይበልጥ ይወስናሉ። ቀዝቃዛ አገር ላይ ያላችሁ ደግሞ ውርጩን አስቡት። ማለዳ መሬቱ በረዶ ሆኖ ደንድኖ ይነዳል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲነካው የላይኛው ሽፋን ብቻ ይቀልጥና ታቹ ያልቀለጠ ስለሆነ ውሃው መስረጊያ ያጣል። ከዝናብ ጭቃ የባሰ ጭቃ ነው። ቀድማችሁ ውጡ፣ ቀድማችሁ ተመለሱ።

የአየር ትንበያን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሁላችንም የነገውን እናያለን፤ ለእኛ ግን የሚበልጠው ያለፉት ሦስት ቀናት ድምር ነው። ከረጅም ድርቀት በኋላ የመጣ አጭር ዝናብ አቧራውን ያስተኛና መሬቱን ያጠብቀዋል፤ ያን ቀን ቤት መቀመጥ ያስቆጫል። ለሳምንት ሲዘንብ ከርሞ መሬቱ ጠግቦ ከሆነ ግን ትንሿ ካፊያ እንኳ የምትሄድበት የላትም፤ ላይ ላዩን ትፈሳለች።

የተሠሩ መንገዶችና ሰው መጠየቅ

ዝናብ በማይለያቸው አገሮች ሰዎች መፍትሔውን መንገዱን በመሥራት አግኝተውታል። ዌልስ ውስጥ ያለው ኮይድ ኢ ብሬኒን በብሪታንያ ለተራራ ብስክሌት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ማዕከል ተብሎ ይታወቃል፤ የ1990ዎቹ ሥራ ነው። ደቡብ ስኮትላንድ ውስጥም ሰቨንስቴንስ በሚል ስም ሰባት ማዕከላት አሉ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ብዙ መንገዶቻቸውን በተፈጨ ድንጋይ ጠቅጥቀው ስለሠሯቸው ዓመቱን ሙሉ ይነዳባቸዋል። እናንተ ጋር ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ መናፈሻ ወይም ማዕከል ካለ የዝናብ ቀን የመጀመሪያ ምርጫ እሱ ይሁን። አለመዘጋቱን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ ከከባድ ዝናብ በኋላ ይዘጋሉ። "ዝግ ነው" የሚል ጽሑፍ አይቶ በጎን መግባት የሚባል ነገር የለም።

እንደዚያ ያለ ማዕከል ከሌለስ? የጠጠር መንገዶች አሉ። የጫካ ጥበቃ መኪናዎች የሚሄዱባቸው፣ ወደ ውሃ ግድብ ወይም ወደ አንቴና ማማ የሚወጡ መንገዶች። ብዙ ሰው "አሰልቺ ናቸው" ብሎ ይንቃቸዋል። እኔ አልስማማም። ረጅም ዳገት መውጣት ለመለማመድ ከእነሱ የተሻለ የለም፤ ጉም ውስጥ ብቻችሁን ዳገት ስትወጡ ያለውን ዝምታ ደግሞ በሌላ ቀን አታገኙትም።

ትሬልፎርክስ የሚባለው መተግበሪያ ላይ ነጂዎች የመንገዱን ሁኔታ ይመዘግባሉ፤ ደረቅ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ተዘግቷል እያሉ። የተመዘገበበትን ቀን ግን እዩ። ከሁለት ሳምንት በፊት የተመዘገበ መረጃ ለዛሬ ምንም አይሠራም። ነጂዎችና ሯጮች ጉዟቸውን የሚመዘግቡበት ስትራቫ የሚባለው መተግበሪያ ላይ ያለው፣ ሰው የሚበዛበትን የሚያሳየው ካርታም የትኞቹ መንገዶች እንደሚነዱ ይጠቁማል፤ መቼ እንደሚነዱ ግን አይነግራችሁም። ከሁሉም የሚበልጠው ሰው ነው። ከመንገድ ሠሪዎቹ አንዱን ካገኛችሁ "ከዝናብ በኋላ ቀድሞ የሚደርቀው የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እንደዚህ ብሎ የሚጠይቃቸውን ሰው ይወዱታል፤ ስለ መንገዱ እንደሚያስብ ያውቃሉና። ጠዋት ጠዋት እዚያ የሚሮጡ ሰዎች፣ ውሻ ይዘው የሚዞሩ፣ ከብት የሚጠብቁ ሁሉ ከመተግበሪያው የበለጠ ያውቃሉ።

ደርሳችሁ ስታዩት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግምት ነው። ፍርዱ እዚያው ነው የሚሰጠው። መንገዱ አፍ ላይ ስትደርሱ ወዲያው አትጀምሩ። ውረዱና ጥቂት እርምጃ ሂዱ። ተረከዛችሁን ጫን አድርጉት። ላዩ ብቻ እርጥብ ሆኖ ታቹ ጠንካራ ከሆነ ጥሩ። ጫማችሁ ሰምጦ ሲወጣ "ጧ" የሚል ድምፅ ካሰማ ወደ ሌላው ምርጫ እለፉ።

ከጀመራችሁ በኋላ ሃምሳ ሜትር ያህል ነድታችሁ ቆም በሉና ወደ ኋላ ተመልከቱ። የጎማው ጥርስ ምልክት ብቻ ከታየ ቀጥሉ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ሰምጦ ቦይ ካበጀ ግን ተመለሱ። ይሄ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ሰዓት ተጉዛችሁ መጥታችኋል፣ ጓደኞቻችሁ ቆመው እያዩዋችሁ ነው። ቢሆንም ተመለሱ። ለዚህ ነው ከቤት ስትወጡ ሁለተኛ ምርጫ ይዛችሁ መውጣት ያለባችሁ፤ አማራጭ ያለው ሰው ለመመለስ አይከብደውም። እኔ አሁን አንድ መንገድ ብቻ አስቤ አልወጣም። አፈሩ እንቢ ካለ አቅራቢያው ወዳለ የጠጠር መንገድ እዞራለሁ፣ ቀኑም አይበላሽም።

ጥሩ መንገድ ላይ እየነዳችሁ አንድ ሁለት ኩሬ ቢያጋጥማችሁ መሃል ለመሃል እለፉ። ጫማችሁ ይርሳል፤ ይርሳ። በዳር ከዞራችሁ መንገዱን ታሰፉታላችሁ። ጥልቀቱን የማታውቁት ከሆነ ውረዱና እየገፋችሁ ተሻገሩ።

ስለ መውደቅም ጥቂት ልበል። በእርጥብ ቀን ጭቃው ብዙም አይጥልም፤ የሚጥለው የዛፍ ሥር ነው። ልጡ የተላጠና መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ሥር ከሁሉም ይከፋል። በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ አቋርጡት፣ ላዩ ላይ ሳላችሁ ፍሬን አትያዙ፣ መሪውንም አታዙሩ። የእንጨት ድልድይም እንደዚያው ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ከገባችሁ በኋላ ምንም አትንኩ። የረጠበ የቅጠል ክምር ሥሩ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ በጥንቃቄ እለፉት።

ወንዝ ላይ ቀልድ የለም። ውሃው ደፍርሶ ከፈጠነ ወይም ቅርንጫፍ እያንሳፈፈ ከመጣ አትሻገሩ። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። መብረቅም አለ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 30 ሳትደርሱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው። ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍ ራቁ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ብስክሌቱስ?

እዚህ ላይ አላበዛም። ጎማ ላይ ጥርሱ ረዘም ያለና የተራራቀ ምረጡ፤ የተጠጋጋ ጥርስ ጭቃ ይሰበስባል። ከተለመደው ትንሽ ነፋስ ቀንሱ፤ በጎማ ነፋስ መለኪያው አንድ ሁለት ፒ ኤስ አይ ይበቃል። ከዚያ በላይ ብትቀንሱ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፣ ካላማዳሪ የምትጠቀሙ ከሆነም ይቆረጣል። ፓራፋንጎ ግጠሙ፤ የፊቱ ብቻ እንኳ ዓይናችሁን ከጭቃ ያድናል፤ ማየት የማይችል ሰው ደግሞ መንዳት አይችልም። የዲስክ ፍሬን ሸራው ለስላሳው ዓይነት ከሆነ በእርጥብ ቀን ቶሎ ያልቃል፤ ብረት የተቀላቀለበት ይበልጥ ይቆያል፣ ድምፁ ቢያስቸግርም። ሰንሰለቱ ላይ ለእርጥብ አየር የተሠራውን ወፍራም ዘይት አድርጉ። ስትመለሱ ጭቃው ሳይደርቅ በቀስታ ውሃ እጠቡት። በኃይል የሚረጭ ውሃ ወደ ኩሽኔታዎቹ አታዙሩ፤ ግሪሱን አጥቦ ውሃ ያስገባል። ከዚያ ሰንሰለቱን አድርቃችሁ እንደገና ዘይት ቀቡት። ይሄን ሳታደርጉ ያደረ ሰንሰለት ጠዋት ዝጎ ይጠብቃችኋል።

የራሳችሁ መዝገብ

የማንም ሰው ምክር፣ የእኔም ጭምር፣ የእናንተን መንገዶች አያውቃቸውም። ስለዚህ መዝገብ ያዙ። ስልክ ላይ ቢሆን፣ ደብተር ላይ ቢሆን። እኔ አራት ነገር ብቻ ነው የምጽፈው፤ የመንገዱን ስም፣ ምን ያህል እንደዘነበ፣ ካባራ ስንት ሰዓት እንደሆነውና መሬቱ እንዴት እንደነበረ። "ጥዱ ጫካ፣ ሌሊቱን ዶፍ፣ ካባራ አምስት ሰዓት፣ መግቢያው ጥሩ፣ ከድልድዩ በኋላ ማጥ" ዓይነት። ያልተሳካውንም ጻፉ። ከተመለሳችሁበት ቀን የሚገኘው መረጃ ከተሳካው ቀን አይተናነስም።

አንድ የዝናብ ወቅት እንደዚህ ስትጽፉ ዝርዝሩ በራሱ ይለያል። እየዘነበ የሚነዱ፣ በማግስቱ የሚነዱ፣ ሦስት ቀን የሚፈልጉ፣ እስከ ደረቁ ወቅት የማይነኩ። የእኔ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያሉት አምስት መንገዶች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ አሸዋማ፣ አንዱ ጭንጫ ተረተር፣ ሁለቱ የጠጠር። ባለፈው ሳምንት ሲዘንብ ከአሸዋማዎቹ አንዱን ነድቼ ተመለስኩ። ጎማዬ ላይ የነበረው አሸዋ ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ሳልደርስ ረግፎ አለቀ።